ጉልበት ሲደክም ብልሃት ይተካው፤ የትራክተር መሣሪያን ያለ ትግል ስለ መግጠም

በምሥራቅ ሱዳን ከገዳሪፍ ከተማ ተነሥቶ በዶካ በኩል እስከ ገላባትና መተማ፥ ከዚያም ወደ ሰሜን እስከ ሁመራ የሚደርሰው ቈላ በጥቁር ዋልካ አፈሩ፥ በማሽላውና በሰሊጡ የታወቀ አገር ነው። ድንበሩ ሁለት መንግሥታትን ይለያል እንጂ አፈሩንና ዝናሙን አይለይም። በሁለቱም ወገን ሰፊው እርሻ የሚታረሰው በትራክተር ነው።

ስለ ትራክተር እርሻ ሲጻፍና ሲመከር ዘወትር የሚነሣው የመኪናው ዋጋ፥ የነዳጁ እጥረትና የመለዋወጫው መወደድ ነው። እነዚህ በእውነቱ ከባድ ጉዳዮች ናቸው። ነገር ግን መኪናውን ከማረሻው ጋር የሚያገናኘው የሰው እጅ ነው፤ የዚህም እጅ ነገር እምብዛም አይነሣም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓመታት በረዳትነት ገብተው ሙያውን የተማሩት ወጣቶች ዛሬ የብዙዎቹ ዕድሜ ከ50፥ የአንዳንዶቹም ከ60 አልፏል። የዋልካውን ጠባይ፥ የመኪናውን ድምፅ፥ የዘሩን ቀን ጠንቅቀው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ሆኖም ፒን ለማስገባት፥ የዛገ ብሎን ለመፍታት፥ የማረሻ ምላስ ለማንሣት ጣታቸውና ክንዳቸው እንደ ቀድሞው አይታዘዝላቸውም።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎች ሥራውን ለመተው ያስባሉ፤ የማይተዉትም በየጧቱ ከብረት ጋር እየታገሉ ይጐዳሉ። ሊታወቅ የሚገባው ግን፥ የትራክተር መሣሪያ መግጠም አስቀድሞ በአግባቡ ሲዘጋጅ የጉልበት ሥራ አለመሆኑ ነው። ጉልበት የሚጠይቀው አቀማመጡ ሲበላሽ፥ ብረቱ ሲዝግና ሰው ሲቸኵል ነው።

የዋልካው ጠባይና የዘር ቀን

የዚህ አገር ዝናም በክረምቱ ጥቂት ወራት የሚጠቃለል ሲሆን፥ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘሩት በሰኔና በሐምሌ ነው። ዋልካ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጣል፥ ይጣበቃልም። ከባድ ዝናም ከወረደበት ትራክተር ለብዙ ቀን ሊገባበት አይችልም። ከልክ በላይ ሲደርቅ ደግሞ ዲስኩ ይንሸራተትበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ለሥራ የተመቸ ጊዜ አጭር ነው። በዚያ ቀን ጧት መሣሪያ ለመግጠም ሁለት ሰዓት ማጥፋት የዘር ጊዜን ማባከን ነው።

ከዚህም የሚከፋው ችኰላ ነው። «የቸኰለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በእርሻ መኪና ዘንድ ግን የወደቀው ጣት እንደ ሆነ መልሶ የሚለቀም አይደለም። በትራክተርና በመሣሪያው መካከል የሚደርሰው አደጋ በአብዛኛው የሚመጣው ሰው በመካከል ቆሞ ሳለ መኪናው ጥቂት ሲንቀሳቀስ፥ ወይም ቀዳዳው ገጥሞ እንደ ሆነ በጣት ለመዳሰስ ሲሞከር ነው።

የማያያዣው አመጣጥ

በገዳሪፍ አካባቢ የመኪና እርሻ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ1944 በጋደምባልያ ነው። የጊዜው አስተዳደር ዓላማ በምሥራቅ አፍሪቃ ለነበረው ጦር የሚሆን እህል ማግኘት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1954 ወዲህ መሬቱ በኪራይ ለግል አራሾች ይሰጥ ጀመር፤ በ1968ም የመኪና እርሻ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በኢትዮጵያ በኩል በ1960ዎቹ ዓመታት በሁመራ ሰሊጥ፥ ጥጥና ማሽላ በትራክተር የሚያመርቱ እርሻዎች በፍጥነት ተስፋፉ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን በታወጀ ጊዜ የግል ሰፋፊ እርሻዎች ተወረሱ። እ.ኤ.አ. ከ1991 በኋላ ደግሞ በሁመራና በመተማ መሬት በኪራይ የያዙ የግል አራሾች እንደገና ተነሡ። መንግሥት ሲለወጥ የመሬቱ ይዞታም ተለወጠ፤ ማረሻን ከትራክተር የማገናኘት ሥራ ግን በዚህ ሁሉ ዘመን በሾፌሩና በረዳቱ እጅ ላይ ቀረ።

በዚህ አገር መሣሪያ ከትራክተር ጋር የሚያያዘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ተጐታች ነው፤ በገዳሪፍ ማሳ ማረሱንና መዝራቱን ባንድ ጊዜ የሚፈጽመው፥ የዘር ሣጥን የተጫነበት ሰፊ ዲስክ በአንድ ፒን ከትራክተሩ መጐተቻ ጋር ተያይዞ ይጐተታል። ሁለተኛው ተሸካሚ ነው፤ የዲስክ ማረሻና ሌሎችም መሣሪያዎች በሦስት ነጥብ ማለት በሁለት የታችኛ ክንዶችና በአንድ የላይኛ ክንድ ተይዘው በዘይት ኃይል ይነሣሉ፥ ይወርዳሉ።

ይህን የሦስት ነጥብ ማያያዣ ያወጣው የአየርላንድ ተወላጅ የሆነው ሃሪ ፈርጉሰን ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአየርላንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የትራክተሮችን አሠራር እንዲከታተል አድርጎት ነበር። በዚያን ዘመን ማረሻው ከትራክተሩ ኋላ የሚጐተት ብቻ ስለ ነበረ፥ ዕንቅፋት ሲገጥመው ትራክተሩ ፊቱን አንሥቶ በሾፌሩ ላይ ይገለበጥ ነበር። ፈርጉሰን ማረሻውን የትራክተሩ አካል ለማድረግ ብዙ ከደከመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1926 ለሥራው የባለቤትነት መብት አገኘ። ማያያዣው በ1939 በፎርድ ትራክተር ላይ ወጣ። ከ1946 እስከ 1956 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከ500,000 በላይ ትናንሽ የፈርጉሰን ትራክተሮች ተሠሩ። በ1953 ድርጅቱ ከማሲ ሃሪስ ጋር ተዋሐደ፤ ማሲ ፈርጉሰን የሚለውም ስም ከዚህ የመጣ ነው።

ይህ ታሪክ የሚጠቀሰው ስለ አንድ ቁም ነገር ነው። የሦስት ነጥብ ማያያዣ የታሰበው አንድ ሰው ብቻውን፥ ማረሻውን ሳያነሣ እንዲገጥመው ነው። ከባዱን ነገር የሚያነሣው ዘይቱ ነው። ባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ከሦስት መቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ብረት በትከሻ ገፍቶ ከክንዱ ጋር ለማስማማት መሞከር ለወጣትም አይገባም። ሰው ማረሻውን የሚገፋ ከሆነ፥ ከመግጠሙ በፊት የተበላሸ ነገር አለ ማለት ነው።

እጅ ሲያረጅ የሚሆነው

የእጅ የመጨበጥ ኃይል በጐልማሳነት ዘመን ከፍ ካለው ደረጃ ይደርስና፥ ከ50 ዓመት ገደማ ጀምሮ እየቀነሰ ይሄዳል። በብዙ ሰዎች ዘንድ በአውራ ጣት ሥርና በጣቶች ጫፍ መገጣጠሚያ ያለው ለስላሳ አጥንት ይሳሳል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፥ ያማልም። ብዙ ዓመት መሪና ብረት የያዘ እጅ ይህ ቶሎ ይታይበታል። ሕመሙ የሚብሰው ትንሽ ነገር በሁለት ጣት ቈንጥጦ ሲይዙና ሲያጣምሙ ነው። የመቆለፊያ ፒን መንቀልና የዘይት ቱቦ መሰካት ሁለቱም ይህንኑ ቍንጠጣ የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ ሽማግሌው ከባዱን መሪ ቀኑን ሙሉ ይዞ እየዋለ በትንሿ ፒን ቢሸነፍ የስንፍና ምልክት አይደለም።

ችግሩ የዚህ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው የእርሻ ቈጠራ የአራሾች አማካይ ዕድሜ 58.1 ዓመት ሆኖ ተገኝቷል። በጃፓን ዋና ሥራቸው እርሻ የሆነው ሰዎች አማካይ ዕድሜ ከ67 ዓመት አልፏል። በአሜሪካ በ1990 በወጣው የእርሻ ሕግ መሠረት አግርአቢሊቲ የተባለ አገልግሎት ተቋቁሞ፥ ጕዳት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ያለባቸው ገበሬዎች መሣሪያቸውን ለሰውነታቸው እንዲያስማሙ ይረዳል። በገዳሪፍና በመተማ በኩል እንዲህ ያለ ድጋፍ በሌለበት ስፍራ፥ ብዙው ነገር በገበሬው ግቢና በአቅራቢያው ባለው የብየዳ ቤት ሊፈጸም የሚችል ነው።

አቀማመጥ የመግጠም መጀመሪያ ነው

የሚቀጥለው ክረምት ችግር የሚፈጠረው ባለፈው ዓመት መሣሪያው በተፈታበት ቀን ነው። ሥራ ያለቀ ዕለት ማረሻው በሜዳ ላይ ተጥሎ ይቀራል። በጋ ሲመጣ ዋልካው ከሥሩ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናም ሲወርድ ደግሞ አብጦ አንዱን ወገን ያነሣል፥ ሌላውን ያሰምጣል። ያዘመመ ማረሻ ሁለቱ የታችኛ ፒኖች እኩል ከፍታ ስለማይኖራቸው፥ አንዱ ክንድ ሲገባ ሌላው አይደርስም። የትግሉ ሁሉ ምንጭ ይኸው ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በግቢ ውስጥ ውኃ የማይተኛበት፥ ጠጠር ወይም የተሰባበረ ድንጋይ ፈስሶበት በደንብ የተደለደለ ቦታ ይዘጋጅ። ማረሻው በዚያ ላይ በወፍራም ሳንቃ ተደግፎ ልክ በተገጠመበት ከፍታ ይቀመጥ። የራሱ እግር ያለው መሣሪያ እግሩ ወርዶ ይቈለፍ። አቅም ያለው ሰው ጥቂት የሲሚንቶ ወለል አስነጥፎ፥ አራት ጎማ ያለው ዝቅተኛ የብረት አልጋ ቢያሠራ፥ ማረሻውን በአልጋው ላይ እንዳለ በትንሽ ግፊት ወደ ትራክተሩ ሊያቀርበው ይችላል። ይህ አልጋ የሚያገለግለው ግን ደልዳላና ደረቅ በሆነ ወለል ላይ ብቻ ነው፤ በተዳፋት ላይ አደገኛ ነው።

የሰፊውም ዲስክ ምላስ በመሬት ላይ እንዳይወድቅ በእግር ወይም በጠንካራ ጕማጅ ላይ ተደግፎ፥ ከትራክተሩ መጐተቻ ጋር በተካከለ ከፍታ ይደር። ወድቆ ቢገኝ በክሪክ ይነሣ እንጂ በወገብ አይነሣ።

የአገጣጠሙ ተራ

ተሸካሚ መሣሪያ ሲገጠም ተራውን መጠበቅ ድካምን በብዙ ይቀንሳል። ትራክተሩ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ በዝግታ ይቅረብ። የትራክተሩንና የመሣሪያውን መካከል የሚያመለክት ነጭ ቀለም በሁለቱም ላይ ቢቀባ፥ አንገቱን ወደ ኋላ ማዞር ለሚያስቸግረው ሾፌር ትልቅ መርጃ ነው። ከቀረበ በኋላ ማርሹ ነጻ ይሁን፥ የእጅ ፍሬን ይያዝ፥ ሞተሩም ይጥፋ።

በመጀመሪያ የሚገጠመው የግራው የታችኛ ክንድ ነው። ምክንያቱም በብዙ ትራክተሮች የግራው ክንድ ከፍታ በሥራ ላይ የማይለወጥ ሲሆን፥ የቀኙ ግን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ የእጅ መዘውር አለው። ስለዚህ ግራው ከተያዘ በኋላ ቀኙን በጉልበት በመግፋት ፈንታ መዘውሩን በማዞር እስከ ፒኑ ማድረስ ይቻላል። በመጨረሻ የላይኛው ክንድ ይገጠማል፤ እርሱም መካከሉን በማዞር ስለሚረዝምና ስለሚያጥር ቀዳዳውን ፈልጎ ያገኛል። ሲፈታ ተራው ይገለበጣል፤ መሣሪያው መሬት ከነካ በኋላ አስቀድሞ የላይኛው፥ ቀጥሎ የቀኙ፥ በመጨረሻ የግራው ይፈታል።

ተጐታች መሣሪያ ዘወትር ከታችኛው መጐተቻ ጋር ብቻ ይያያዝ። የፒን ቀዳዳ በቀላሉ ስለ ተገኘ ብሎ ከላይኛው ክንድ ቦታ ላይ ማሰር ትራክተሩን ወደ ኋላ ይገለብጠዋል፤ ሾፌሩም ለመዝለል ጊዜ አያገኝም።

በትንሽ ወጪ የሚሠሩ መርጃዎች

ፒኑ ራሱ ሊስተካከል ይገባዋል። በመዶሻ ብዛት ራሱ የተደፈጠጠ ፒን ከቀዳዳው አይወጣም፤ በሞረድ ወይም በመፍጫ ይስተካከል፥ ካልሆነም ይለወጥ። ጫፉ ጥቂት ሾጠጥ ተደርጎ ቢሞረድ ቀዳዳውን ራሱ ይመራል። በራሱ ላይ ሙሉ እጅ የሚያስገባ የብረት እጀታ ቢበየድለት በሁለት ጣት መያዙ ቀርቶ በመዳፍ ይሳባል። የመቆለፊያዋ ቀለበት ለጣት ታስቸግር እንደ ሆነ የቆዳ ጠፍር ይታሰርባት። ፒኖቹ ሁሉ በአጭር ሰንሰለት ከመኪናው ጋር ቢያያዙ፥ በሣር ውስጥ ጐንብሶ መፈለግ ይቀራል።

ቀዳዳዎቹ መግጠማቸው መታወቅ ያለበት በጣት ሳይሆን ጫፉ ሾጠጥ ባለ የብረት ዘንግ ነው። ዘንጉ በቀዳዳው ገብቶ ጥቂት ሲፈለቀቅ ክንዱ ወደ ቦታው ይመጣል፤ ሁለት ክንድ ያህል ርዝመት ያለው ዘንግ ለደከመ እጅ የብዙ ሰው ኃይል ይሰጠዋል።

የፒን መጠንም መታየት አለበት። በአነስተኛ ትራክተሮች የታችኛው ፒን ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር፥ የላይኛው 19 ሚሊ ሜትር ነው። ከፍ ባሉት ደግሞ የታችኛው 28፥ የላይኛው 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አሮጌና አዲስ፥ ትንሽና ትልቅ ትራክተር በተቀላቀለበት አገር ቀጭኑ ፒን በሰፊው ቀዳዳ ይገባና እየተንገጫገጨ ቀዳዳውን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ቀዳዳ ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ፒኑን ነክሶ አይለቅም። ለዚህ ክፍተቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት ማስገባት ይበቃል።

ስለ ዘይት ቱቦና ስለ ካርዳኖ

የዘይት ቱቦ አልሰካ ሲል ብዙ ሰው ጉድለቱን በእጁ ላይ ያያል። እውነተኛው ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ፀሐይ ነው። መሣሪያው በቈላው ፀሐይ ሲውል በተዘጋው ቱቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ሞቆ ይሰፋል፤ ግፊቱም ማንም ሰው በጣቱ የማያሸንፈው ይሆናል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት መሣሪያው መሬት ላይ ይውረድ፥ ሞተሩ ይጥፋ፥ የዘይቱም ማንሻ ወዲህና ወዲያ ተደርጎ ግፊቱ ይለቀቅ። መሣሪያው ጥላ ሥር ቢቀመጥ፥ የቱቦውም አፍ አቧራ እንዳይገባው ቢከደን፥ በሚቀጥለው ጊዜ ያለ ችግር ይሰካል። የጋለውንም ቱቦ በማለዳ መግጠም ይሻላል።

ከትራክተሩ ኃይል ማውጫ የሚወጣው ካርዳኖ ሁለት ቱቦ እርስ በርሱ የሚገባበት ዘንግ ነው። ግራሶ ያላገኘ ካርዳኖ ስለሚደርቅ አይረዝምም፥ አያጥርም፤ የመቆለፊያውም ቍልፍ በጭቃ ተይዞ አይጫንም። በናፍጣ ታጥቦ፥ ግራሶ ተቀብቶ፥ ከመሬት ከፍ ብሎ በማንጠልጠያ ቢቀመጥ በአንድ እጅ የሚገባ ይሆናል። ጥርሶቹ አልገጥም ሲሉ በመሣሪያው በኩል ያለውን ዘንግ ጥቂት ማዞር ነው እንጂ በመዶሻ መምታት አይገባም። መከለያውም በምንም ምክንያት አይወልቅ፤ በደቂቃ 540 ጊዜ የሚዞር ዘንግ የጋቢን ጫፍ ከያዘ ሰውየውን አይለቀውም።

የሽማግሌውና የረዳቱ ቦታ

በብዙ እርሻ ላይ ወጣቱ መሪ ይዞ ወደ ኋላ ሲነዳ ሽማግሌው ከኋላ ቆሞ ፒን ሲያስገባ ይታያል። ይህ መገልበጥ ያለበት ልማድ ነው። ትራክተርን ወደ ኋላ ነድቶ ጣት በማይሞላ ርቀት ማቆም የብዙ ዓመት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ ለሽማግሌው ይገባል። ጐንበስ ብሎ ፒን ማስገባት የወጣቱ ድርሻ ይሁን። አነዳዱ ትክክል ሲሆን የፒኑ ሥራ ራሱ ስለሚቀል፥ ልምዱ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ረዳቱ መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ሁሉ በጎን በኩል፥ ሾፌሩ በሚያየው ስፍራ ይቁም። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ በመካከል አይግባ። በሞተር ድምፅ ውስጥ ጩኸት ስለማይሰማ፥ የእጅ ምልክት አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል፤ ሾፌሩ ረዳቱን ካላየው እንደ ቆመ ይቆይ። ሕፃናትን ለዚህ ሥራ ማሰማራት ፈጽሞ አይገባም።

ወጣቱን ማግኘት ራሱ እየከበደ መምጣቱ አይካድም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በሰሜን ኢትዮጵያ፥ በሚያዝያ 2023 ደግሞ በሱዳን የተነሣው ጦርነት ብዙ ሰው ከእርሻው አፈናቅሏል። ሽማግሌው ብቻውን በሚቀርበት ጊዜ ብልሃቱ ይበልጥ ያስፈልገዋል፤ ወጣቱም ሲገኝ ሙያውን በትክክለኛው ተራ ሊማር የሚችለው ከእርሱ ነው።

ለገዢዎችና ለእርሻ ሹማምንት

አዲስ ትራክተር በሚገዛበት ጊዜ የሚጠየቀው የፈረስ ጉልበቱና ዋጋው ብቻ ሊሆን አይገባም። የታችኛ ክንዶቹ ጫፍ ተስቦ የሚረዝም ከሆነ ትራክተሩ በትክክል ባይቆምም ክንዱ ወደ ፒኑ ይመጣል፤ ሾፌሩ ጥቂት ወደ ኋላ ሲል ራሱ ተመልሶ ይቈለፋል። በአውሮፓና በአሜሪካ የተለመዱ ፈጣን ማያያዣዎችም አሉ፤ በመንጠቆ የተሠሩት ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይወርድ መሣሪያውን የሚያነሡ ናቸው። በአንዳንድ ትራክተሮችም ክንዶቹን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማዘዣ በኋላ ጎማ መከለያ ላይ ስለሚገኝ፥ በጎን ቆሞ ማስተካከል ይቻላል። እነዚህ በጨረታው ሰነድ ላይ አስቀድመው ካልተጻፉ በኋላ ለብቻ ማስመጣቱ ያስቸግራል።

ለነባሮቹ ትራክተሮች ደግሞ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ባለ እጀታ ፒን፥ የሚያስተካክል ዘንግ፥ የማረሻ መደገፊያና ባለ ጎማ አልጋ በተማሪዎች እጅ ሊያሠሩ ይችላሉ። የወረዳ የእርሻ ሠራተኞችም በግንቦት ወር ከዝናሙ በፊት ባለ ትራክተሮችን ሰብስበው ፒን፥ ክንድ፥ ቱቦና ካርዳኖ በአንድ ቀን እንዲመረመሩ ቢያደርጉ፥ በሰኔ የሚባክነው ጊዜ ይድናል። ገበሬውም እስከዚያ ድረስ ሳይጠብቅ፥ በዚህ ዓመት ሥራው ሲያልቅ ማረሻውን ከሜዳ አንሥቶ በደልዳላ ቦታ በሳንቃ ላይ ቢያስቀምጠው፥ የሚመጣውን ክረምት ሥራ ከወዲሁ ጀምሮታል።